የባቡጂ የረሃብ አድማ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2006፣ ኬንት

የምንከባከባቸው ሕንዳዊ ሽማግሌ፣ ባቡጂ፣ ዛሬ ምሳ አልበላም አሉኝ። ሾርላይን ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው። በወጣትነታቸው እንግሊዞችን ከአገራቸው ለማስወጣት ሲታገሉ ታስረዋል፤ በኋላም ሶሻሊስት ሆነው ፓርላማ ገብተዋል። እስር ቤት ሳሉ፣ ምግብ የሚያቀርብላቸው እስረኛ አብሯቸው ካልተቀመጠ አልበላም ብለው አድመው ነበር አሉ።

ዛሬ አድማው እኔ ላይ ሆነ።

"ስበላ ቆመሽ ታስተናግጂኛለሽ። እኔ ጌታ አይደለሁም፤ ተቀመጪና ብዪ።"

"ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም" አልኳቸው።

"እንግዲያው እኔም እስከ ዘጠኝ እቆያለሁ።"

በዘጠና ዓመታቸው! ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፤ ፍንክች አላሉም። ሺፍቴ ስምንት ሰዓት ላይ ሲያልቅ ለምሳቸው የሠራሁትን ምስር ለልጃቸው አሳይቼ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገና መንገድ ላይ እያለሁ፣ ልጅየዋ ኮል አደረገች። "አባቴ ሁለት ሰሃን አስቀርቦ ቁጭ ብሏል። አንቺ ሳትበዪ ማንኪያ አላነሳም ይላል።"

ከሀይዌይ ወጥቼ ፓርክ አደረግኩ። "ስፒከር ላይ አድርጊው" አልኳትና ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ቆረስኩ። ወዲያው የማንኪያቸው ድምፅ ተሰማኝ። ዳቦዬን እስክጨርስ ስልኩን አልዘጋሁም።

ኬንት ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከሰው ጋር ምሳ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገ ሺፍት የለኝም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እደውልላቸዋለሁ።