ስለ ደሴቶቹ ባለቤት ዶክተር ሐጀራ ዑበይድ ኅልፈት

በቂሊንጦ የሚገኘው የሴል ሽፋን ምርምር ማዕከላችን ባልደረባ ዶክተር ሐጀራ ዑበይድ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማዕከሉ እጅግ አዝኗል። በሕይወት ሳሉ ደግሞ ይቀናባቸው ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልሆነልንም።

ዶክተር ሐጀራ የሳሪስ አቦ ልጅ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሲቀላቀሉን እኛ ስድስት ዓመት ሠርተን ነበር። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ መጥተው ከሁላችንም ቀድመው ይገቡ ነበር፤ ያናድድ ነበር።

2011 ዓ.ም.፦ ሴልን የሚከብበው ስስ የስብ ሽፋን ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ እንዳሻቸው ይተራመሳሉ፤ ሲቀዘቅዝ ገሚሶቹ ተጠጋግተው ይሰለፉና ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሠራሉ። ያኔ ይህን አናውቅም ነበር። መብራት ጠፍቶ የናሙናው ማሞቂያ ቆመ፤ በባትሪ በሚሠራው ማይክሮስኮፕ ነጠብጣቡ ታየን። በመዝገቡ ላይ «ቆሻሻ ነው፤ መስታወቱ ይታጠብ» ብለን ጻፍን። ታጠበ።

2012 ዓ.ም.፦ መብራቱ ዳግም ሲጠፋ እኛ ሻይ ልንጠጣ ወጣን፤ እሳቸው ቀሩ። ስንመለስ «ኧረ ኑ እዩ፣ ደሴት ሠርቷል!» አሉን። ስሙ በዚያው ጸና። ደሴቶቹ በስንት ዲግሪ እንደሚፈጠሩ፣ ለምን ሳይነካኩ ተራርቀው እንደሚቀመጡ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። እኛም አንጀታችን እያረረ አጨበጨብን።

2015 ዓ.ም.፦ አዲሱ ማይክሮስኮፕ ሲመጣ በኃላፊነት የተረከቡት እሳቸው ሆኑ። እስከ ሕመማቸውም በጥንቃቄ ሠርተውበታል።

የዚህ መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ ደሴቶቹ «በማዕከሉ የጋራ ጥረት» ተገኙ ይል ነበር። ቀኑን ለማጣራት መዝገቡን ስንገልጥ «ቆሻሻ ነው» ከሚለው ሥር በእርሳስ የተጻፈ አገኘን፤ የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው፦ «መጀመሪያ ያየው ረሻድ ነው።» መቼ እንደጻፉት አናውቅም። ለማንም አልተናገሩም።

እስካሁን «እኛ» እየተባለ የቀናው እኔ ነኝ። ያየሁትን ያጠብኩትም እኔ ነኝ።

ለባለቤታቸው ለአቶ ዚያድ፣ ለልጃቸው ለአማልና ለባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። «የጋራ ጥረት» የሚለውን ሰርዤዋለሁ፤ ደሴቶቹ የሐጀራ ናቸው።

ረሻድ አብዱልጀባር
የላቦራቶሪ ኃላፊ