ቦት ጫማሽ ከነጭቃው

ውድ እህቴ ሚጢጢ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላው አካሌ ገና አልከዳኝም። አሁንም ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነኝ፤ ለአራት መቶ ልጅ እቀቅላለሁ፣ እጠብሳለሁ። አራት መቶ ልጅ ሳህኑን ልሶ ይመልስልኛል። ለገዛ እናቴ አንድ ማንኪያ ማስዋጥ አቅቶኝ እንደነበር ግን እዚያ የሚያውቅ የለም።

የጻፍሽልኝን ልድገምልሽ፤ የራስን ቃል ከሌላ አፍ ሲሰሙት ይለያልና። «ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደውላ፣ እማዬ በመጨረሻዋ ሰዓት ስሜን ጠርታ እንደመረቀችኝ ነገረችኝ። ለቀብሯ ባልደርስም ይቺ ምርቃት የዕድሜ ልክ ስንቄ ናት። ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ አለ ካለችኝ ከእማዬ ሳፋ የውሃ ቆስጣ ቁራጭ ላኪልኝ፤ ተክዬ እሷን እያሰብኩ እኖራለሁ።» ነው ያልሽው። ያምራል። ከልጅነትሽም ቃል አሳምረሽ ትናገሪ ነበር። እንግዲህ አረፍ በይና የኔን አንብቢ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ያንን ቀይ የላስቲክ ቦትሽን አጥልቀሽ «ኩሬ ልወርድ ነው!» ብለሽ ስትወጪ ትዝ ይልሻል አይደል? ከሦስት ሰዓት በኋላ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ በጭቃ ተለውሰሽ፣ አንድ እቅፍ የውሃ ቆስጣ ይዘሽ ከች ትያለሽ። እማዬ ገና ከበሩ ሳትገቢ ትጀምራለች፦ «እዩልኝ! እዩልኝ ልጄን! ለእናቷ ስትል ከእንቁራሪት ጋር ስትታገል!» እኔ ያን ጊዜ የሳምንቱን ልብስ አጥቤ እጄ ተጨማዶ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ ትዞርና «አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ጫማዋን እጠቢላት እንጂ» ትለኛለች። አጥብ ነበር። ያንን ቦት ስንቴ እንዳጠብኩልሽ እግዜር ይቁጠረው።

ከዚያ «ለሦስት ወር ሥራ» ብለሽ ሄድሽ። ሦስቱ ወር አራት ዓመት ሆነ። የእማዬ ዓይን ደፈረሰና ጨርሶ ጠፋ፤ ቆይቶ ደግሞ ሆዷ ተዘጋ። የውሃ ቆስጣ ካልሆነ አልበላም አለች። እኔም ኩሬ የምወርድበት ጊዜ ስላልነበረኝ አንድ እስር ገዝቼ፣ ግንዱን ከአንጓው በታች እየቆረጥኩ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። በሦስት ቀኑ ከአንጓው ነጭ ፀጉር የመሰለ ስር አወጣ። በረንዳው ላይ ሳፋ ውስጥ አፈር አላቁጬ፣ ውሃ ሞልቼ ተከልኩት። ይቺ ተክል እንደ ሐሜት ናት፤ በቆረጥሻት ቁጥር ትባዛለች። በወሩ ሳፋው አልበቃትም።

አሠራሩንም አሳምሬ ነው የሠራሁት። ግንዱን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ ቆረጥኩ። ነጭ ሽንኩርቱን በጋለ ዘይት አንዴ አገላበጥኩና ግንዱን፣ ቀጥሎ ቅጠሉን ጨመርኩ፤ ሳይጠቁር ቶሎ አወረድኩ። እማዬ አንድ ጊዜ አኘከችና መዳፌን ስባ እዚያው መዳፌ ላይ ተፋችው።

«ምንድን ነው ይሄ? በግ አደረግሽኝ?»

«የውሃ ቆስጣ ነው እማ። እኔው ያበቀልኩት።»

«የሚጢጢ ኩሬ ኩሬ ይሸታል። ያንቺ አንቺን አንቺን ይሸታል።»

በነጋታው ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ኩሬው ድረስ ሄድኩልሽ። በእግሬ፣ በዚያ ጉልበቴ። ስደርስ ኩሬ የለም፤ አስፋልት ነው። የበሩን ጥበቃ «ቆስጣ የሚበቅልበት ኩሬ የት ገባ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ኩሬው ከተደፈነ ሰባት ዓመቱ! የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ቆስጣ ካሻዎት ጎማ ስር ይፈልጉ።»

ሰባት። አንቺ ከሄድሽ አራት። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ ሚጢጢዬ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪና ማቆሚያ ነበር ቆስጣ የምትለቅሚው።

ስመለስ መንገዱ መታጠፊያ ላይ አትክልት የምትሸጠዋን ሴት ጠየቅኳት። «ቀይ ቦቷን? እንዴ፣ ደንበኛዬ ናት!» አለች። «ጓደኛዋ ቤት ስትጫወት ታረፍድና አንድ እቅፍ ከእኔ ትወስዳለች። ከዚያ እዚች ቧንቧ ስር ቦቷን ጭቃ ትለቀልቃለች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ‹እናቴ ጭቃ ከሌለው አይጣፍጣትም› ብላ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀችኝ። ምን የመሰለች ተጫዋች መሰለችሽ!» እኔም ሳቅኩ። መሳቄን አልደብቅሽም።

ለእማዬ ልነግራት ነበር። ደረጃውን ስወጣ የምናገረውን ቃል በቃል እየደረደርኩ ነው የወጣሁት። ምግብ ካፏ ከገባ ሁለት ቀን ሆኗታል። በሩን ስከፍት ከአልጋዋ ቀና ብላ «ሚጢጢ ናት?» አለች።

«እኔ ነኝ እማ።»

«እህ… አንቺ ነሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ያንን «እህ» ብትሰሚው! የደረደርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ወጣሁ፤ ከበሩ ኋላ ያንቺን አሮጌ ቦት አነሳሁ። ከሳፋው ጭቃ ዘግኜ ለቀለቅኩትና አምጥቼ እጇ ስር አስቀመጥኩላት። «ሚጢጢ መጥታ ነበር» አልኳት። «ተኝተሽ ስላገኘችሽ አልቀሰቅሳትም ብላ፣ ቆስጣውን አኑራ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ቦቷን እዚህ ቀይራ ነው የሄደችው።» ዳሰሰችው። ጣቷን አሸተተች። ከዚያው ከሳፋዬ ቆርጬ፣ በዚያው ዘይት፣ በዚያው ጨው ሠርቼ አቀረብኩ። ጠርጋ በላችው።

«አየሽ?» አለችኝ አፏን እየጠረገች። «እንዲህ ነው የሚበላ ነገር። ከታናሽሽ ተማሪ።»

ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቦትሽን ጭቃ እቀባለሁ፤ «ዛሬም ተኝተሽ መጥታ ሄደች» እያልኩ አስዳስሳታለሁ፤ እሠራለሁ፤ ትበላለች፤ አንቺን ትመርቃለች። ደግነት እንዳይመስልሽ። እንድትበላ ነበር፤ ደግሞም ስትታለል ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሳህኑን ባነሳሁ ቁጥር በሆዴ «የተፋሽውን እጅ እኮ ነው የበላሽው» እላት ነበር። ለእናት እንዲህ አይባልም። እኔ ብያለሁ።

የመጨረሻዋን ቀን ልብስ ሰፊዋ ግማሹን ነው የነገረችሽ። እሷ ግርጌ ቆማለች፣ እኔ ራስጌ ነኝ። እማዬ በዳበሳ እጄን አገኘችና ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ጠዋት ሳፋውን ስነካካ ነበርና ጭቃና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«ሚጢጢዬ! መጣሽልኝ?» አለች።

እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ግን ሚጢጢ፣ በዚያ ድምፅ ተጠርቼ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ልደፍን ሁለት ቀርቶኛል፤ በዚያ ድምፅ አንድ ቀን ተጠርቼ አላውቅም። ድምፄን አቅጥኜ «አቤት እማዬ፣ መጣሁ» አልኩ። እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«የመገበኝ እጅሽ አይንጠፍ። ለእኔ ጭቃ የረገጠ እግርሽ እንቅፋት አይምታው። ትልቋ አንድ ቀን እንኳ ኩሬ ወርዳልኝ አታውቅም።»

ይቺው ናት የመጨረሻ ቃሏ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ መጨረሻዋን ያልነገረችሽ ለእኔ አዝና ይሆናል።

እንግዲህ ስንቅሽን ፈትተሽ እይው። የመገበው እጅ የማን ነው? ጭቃ የረገጠውስ እግር? ስሙ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው። እጇ ያረፈው ግን እኔ ራስ ላይ ነው፤ አሁን ስጽፍልሽም ይከብደኛል።

ቆስጣውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ሦስት ቁራጭ ነው። ከመጠቅለሌ በፊት ግን እግር እግሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ እስከ ሃያ ቆጥሬያለሁ። ሲደርስሽ ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ ለዓይን ምንም አይጎድለውም። ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው፣ በየቀኑ ውሃ ቀይሪለት፣ አንጓውን እያየሽ ጠብቂ። ስር አያወጣም። እንደምታውቂው ግን አትክልት ሻጭ የትም አለ።

ጥቅሉን ያገኘሽው ከቀኙ ቦትሽ ውስጥ ነው። ጭቃው የመጨረሻዋ ቅዳሜ ጭቃ ነው፤ ደርቋል። እስከ ዛሬ ሳላጥብ አስረክቤሽ አላውቅም። የዛሬውን አንቺ እጠቢው።

እህትሽ
ትልቋ