ፈርታ አልቀረችም

እማማ፣

የልጅ ልጅዎን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ትከተባለች። ምሳ ምድጃው ላይ አለልዎት፤ መድኃኒትዎን ምግብ ሳይቀምሱ እንዳይውጡት።

«ልጄ ምርመራ ፈርታ ነው የሞተችብኝ» ሲሉ ሁልጊዜ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ፊትዎን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ነው።

አልፈራችም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለዚሁ ካንሰር ምርመራ ቀጠሮ ነበራት። ጫማዋን አድርጋ ልትወጣ ስትል፣ «ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ደንበኛ ቆሞብኛል፤ ስፌት መኪናው ላይ ቁጭ በይልኝ» አልኳት።

«አንተ እኮ ያለ እኔ ክርም አታስገባም!» ብላ ሳቀችብኝና ጫማዋን አወለቀች።

ያን ቀን ሦስት ሱሪ ስታሳጥር ዋለች።