ሁለተኛው ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016

እስከ ረፋድ ድረስ አራት የሐዘን ማስታወቂያ አተምኩ። ወረቀቱ ይበቃል፤ ቀለሙ እያለቀ ነው።

አያ ሐጎስ እንደ ልማዱ መጥቶ አረማቸው። ዕድሜውን ሙሉ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ጋዜጣው በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ የሚያርመው እኔ ሱቅ ነው። “ሰዒድ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ‘ጀግናው’ የሚለውን አውጣው፤ ስሙ ይበቃዋል” አለኝ።

የገዛ ልጁን ማስታወቂያ ግን አላሳተመም። ከግንባር የተመለሰ አንድ ሰው ሞቱን ነግሮታል፤ የአያ ሐጎስ ሚስትም ጥቁር ለብሳለች። እሱ ግን “በአንድ ሰው ቃል ዜና አትሜ አላውቅም” ብሎ ሁለተኛ ሰው ይጠብቃል።

ከቀትር በኋላ በክራንች የሚሄድ ወጣት የዓይደር ሆስፒታል የሕክምና ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ መጣ። ግድግዳዬ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ አየ።

“የኪሮስስ የታለ? የጋዜጠኛው ልጅ። በእጄ ነው የቀበርኩት።”

ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩት። ኮፒውን ሰጥቼ ሸኘሁት።

አመሻሽ ላይ አያ ሐጎስ ብቅ ብሎ “ምን አዲስ ወሬ አለ?” አለኝ።

“ቀለም አልቋል” አልኩት።

“ይሄማ የጠዋት ወሬ ነው፤ አርጅቷል” ብሎ ሳቀ።

ነገ፦ ከሮማናት አደባባይ ቀለም መግዛት። ወጣቱን በባጃጅ ይዞ አያ ሐጎስ ቤት መሄድ።