አልጋ ስር የደበቅሁት የመዳብ ጥቅልል

የልጄ አባት አስራት፣

ከተለየኸኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ መስቀልንም ያለ አንተ ዋልን። የአራዳው ቤታችን በር የተንኳኳ በመሰለኝ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ፈርቻለሁ። ለሌላ ሰው የማልናገረውን ለአንተ ልጻፈው።

ነገሩ የመዳብ ሽቦ የጠመጠምክበት የመስታወት ቱቦ ነው። እንግሊዝ አገር የተማርከውን ለተማሪዎችህ ልታሳይበት ስትሠራው ከርመህ፣ ሳትጨርሰው ሞት ቀደመህ። ወንድምህ አያ ተገኘ ለተዝካርህ ከአይከል መጥተው ሲያዩት፣ ምነው እቱ ይህን ሽቦ ታስቀምጫለሽ፣ አሰሳ ሳይመጣ ቀሃ ወንዝ ጣይው ብለው ለመኑኝ። ጣቶችህ ያለፉበትን ነገር ለወንዝ መስጠት ግን አልሆነልኝም። አልጋ ስር ደበቅሁት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። ልጃችን ሰላም ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። መሪያቸው ቱቦውን ጎትቶ አወጣና የራዲዮ መገናኛ ነው፣ ከማን ጋር ነው የምትነጋገሪበት ብሎ አፈጠጠብኝ። ባይደበቅ ኖሮ ምናልባት ዞር ብሎም አያየውም ነበር። አንተ እራት ላይ ታስረዳኝ የነበረውን እንደምንም ሰብስቤ ነገርኩት፤ ቱቦው ይህንኑ ማስተማሪያ እንደሆነ፣ ጋዝ እጅግ ሲግል ፕላዝማ እንደሚሆን፣ የትኛውም ዕቃ ስለማይችለው በማግኔት ኃይል ታቅፎ እንደሚያዝ፣ ተቃራኒ የሆኑ የማግኔት መስመሮች ሲጋፉ ተበጥሰው አንዱ ከሌላው ጋር እንደሚገጥም፣ ያኔ የሚለቁት ጉልበት ፕላዝማውን ይበልጥ እንደሚያግለው።

አላመነኝም። ሁለቱን ማግኔቶችህን ከመሳቢያ አውጥቼ ወረቀት አለበስኳቸው። የብረት ብናኝ ነሰነስኩና እንደ አንተ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። መጀመሪያ መስመሮቹ ወደየራሳቸው ማግኔት ታጠፉ፤ አንዱን ሳዞረው ከዚህኛው ወጥተው እዚያኛው ላይ ገጠሙ። ሰላም ሳቀች። መጀመሪያ ያሳየኸን ቀን አንተም እንደ ሕፃን አጨብጭበህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ሰውየው ግን መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀቱ የታለ አለኝ። ይህ ማሳያ ነው፣ ሙቀቱ ያለው ትልልቆቹ መሣሪያዎች ውስጥ ነው ልል ስል ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ። እየተንቀጠቀጠ የሚናገርን ሰው ማን ያምነዋል?

ነገ የሚያውቅ ሰው ይዘን እንመጣለን ብለው ቱቦውን ይዘው ሄዱ። አስራትዬ፣ በዚህ ከተማ ይህን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ማንን ነው የሚያመጡት? የሚያመጡት ሰው አላውቅም ማለት ፈርቶ ራዲዮ ነው ቢልስ? ሰላምን አዘዞ እህቴ ዘንድ ልላካት ብል ሰዓት እላፊው ደርሷል።

የቀብርህ ዕለት እንደማልረሳህ ምያለሁ። ያኔ ሐዘኔ ነበር ያስማለኝ። አሁን ሰላም ማግኔቶቹ ላይ ወረቀቱን ይዛልኝ ቃልህን ከመጀመሪያው እየደጋገምኩ ነው። ጋዙን፣ መስመሮቹን፣ መበጠሱን፣ መግጠሙን። ነገ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ልክ አንተ እንደምትለው እላቸዋለሁ። አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ከረሳሁህ ልጃችን ብቻዋን ትቀራለች።