ሌንሳ ሁለቱን ሚኒባሶች ስታወዳድር

አምቦ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሌንሳ ስድስት ዓመት የነዳችውን ባጃጅ ዛሬ ሸጠች። ገንዘቡን ከቁጠባዋ ጋር አድርጋ ሚኒባስ ልትገዛ ነው። ምርጫዋ ከተሳሳተ የምትመለስበት ሥራ የላትም።

ደላላ ያቀረበላት ሁለት ናቸው፤ አንድ ያገለገለ የናፍጣ፣ አንድ አዲስ ኤሌክትሪክ። ሁለቱንም እኩል ድንች ጭና በሸነን መንገድ ዳገት አወጣቻቸው። ኤሌክትሪኩ በጉልበት በለጠ፣ ወጪውም አነሰ።

"ታዲያ ምን ቀረሽ? ውሰጂው እንጂ" አላት ደላላው።

እሷ ግን ሁለቱንም ሻጮች አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ "ከሦስት ዓመት በኋላ መልሼ ላንተው ልሽጥ ብል፣ ስንት ትሰጠኛለህ?"

የናፍጣው ባለቤት ወዲያው ዋጋ ጠራ። የኤሌክትሪኩ ሻጭ ሳቅ አለና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ደላላው ወደ እኔ ዞረ። "ኦቦ ታደሰ፣ ልጅዎ መኪና ልትገዛ ነው የመጣችው ወይስ ችሎት ልትቀመጥ?"

"ሁለቱንም" አልኩት።

ሠላሳ ዓመት ለጋዜጣ ስጽፍ ሰው ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቅኩበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እዚህ ይጻፍ።

የኤሌክትሪኩ ሻጭ መልሶ የሚገዛበትን ዋጋ ጽፎ እንዲፈርምላት እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጥታዋለች። ካልፈረመ የናፍጣውን ትወስዳለች።