የጀውሀራ ስንቅ

ውድ ጀውሀራ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ደሴ በደህና ገባሽ? ያለፈው ሳምንት ሐሙስ መኪናሽ ሲነሳ ዓይኔን ስጠራርግ አይተሽኝ ከሆነ፣ አቧራ ገብቶብኝ ነው እንዳልልሽ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አልቅሼ ነው። ሸጌ አለቀሰች ብለሽ ላሊበላ ውስጥ ብታወሪ ግን የሚያምንሽ የለም።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። ስልክ ከያዝኩ የማወራው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ይኼ ነገር ደግሞ ሳልቸኩል መነገር አለበት።

እውነቱን ልንገርሽ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሀብተ ሥላሴ «ለኃላፊዎችና ለሠራተኞች የአመራርና የተግባቦት ሥልጠና አለ» ሲሉ አጉረምርሜ ነበር። በዚህ ሆቴል የመስተንግዶ ኃላፊ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳዝ የኖርኩ ሴትዮ አሁን ማዘዝ ልማር? አበስኩ ገበርኩ! ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩትም ለመማር አልነበረም፤ የሚመጣው አሠልጣኝ ማን እንደሆንኩ እንዲያውቅ ነው። በሩ ተከፈተና አንቺ ገባሽ።

ካየሁሽ ስምንት ዓመት! ያቺ ከጋሸና መጥታ ትሪ መያዝ ገና የምትማር አስተናጋጅ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ ማርከሯን ይዛ፣ ሠላሳ ሰው ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። «ጀውሀራ እባላለሁ፤ በፊት እዚሁ ቤት ሠርቻለሁ» አልሽ። እኔን ስታዪ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ «እትዬ ሸጌ፣ እንዴት ነዎት?» አልሽኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ያቺ ነጅሚያ! አምና የተቀጠረች ናት፤ ምላሷ አያርፍም። «እኛ ቤት እኮ ‹የጀውሀራ ስንቅ› የሚባል ነገር አለ፤ እርስዎ ይሆኑ እንዴ?» ብላሽ አረፈች።

«እስቲ ንገሪኝ» አልሻት።

ነገረችሽ። አሥራ ሁለት እንግዶች በጠዋት ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሊሄዱ፣ ስንቅ ቋጥሪ የተባለች አስተናጋጅ አንድ ስንቅ ብቻ ቋጥራ፣ ሰዎቹ ጦማቸውን ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ያነሰ፣ ስኳር ያለቀ እንደሆን በእኛ ቤት «ይኼ የጀውሀራ ስንቅ ነው እንዴ?» ይባላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀሽ፣ «ለመሆኑ ያቺ ልጅ የታዘዘችው በምን ቃል ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽ። የሚያውቅ አልነበረም፤ ከአንቺና ከእኔ በቀር።

«እንግዲያው ለአሁኑ ይቆየን» ብለሽ ወደ ሰሌዳው ዞርሽ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሽም። ብታዪኝ ይሻለኝ ነበር።

ቃሉን እኔው ልድገመው። «ስንቃቸውን ቋጥሪላቸው፤ ማልደው ይሄዳሉ» ነበር ያልኩሽ፣ እየሮጥኩ። አንቺ ያን ጊዜ ከኮን ከተማ የመጡትን የሽማግሌውን የአቶ ኃይለ ማርያምን ሳህን እያነሳሽ ነበር፤ እሳቸውም በማግስቱ ማልደው መንገደኛ ነበሩ። አንቱ የሚባል አንድ ሰውም «ይሄዳሉ» ነው፣ አሥራ ሁለት ሰውም «ይሄዳሉ» ነው። አማርኛችን ሲያከብር አይቆጥርም። እኔ አሥራ ሁለቱን አስቤ ተናገርኩ፤ አንቺ አንዱን አስበሽ ሰማሽ።

ይኼ እንኳ ስህተት ነው ተብሎ ይታለፍ። ክፉው የተከተለው ነው። «እትዬ፣ ለስንት...» ብለሽ ጀምረሽ ነበር። «እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልናገርም!» ብዬ ያቋረጥኩሽ እኔ ነኝ። መኩሪያዬ ነበረች ያቺ አነጋገር። አንቺም «እሺ» አልሽ። በማግስቱ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ሲቆጡ «ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች» አልኩና መጠየቅሽን ዋጥኩት። በሳምንቱ ልብስሽን ሸክፈሽ ሄድሽ። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ከወለምታው ይልቅ ያ ሁሉ ዓመት በስምሽ ሲሳቅ አብሬ መሳቄ ነው የሚያሳፍረኝ።

በሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ ልናገር ልናገር እያልኩ ምላሴ ታሰረ። «እሺ ማለት ሰማሁ እንጂ ገባኝ ማለት አይደለም» አልሽ። «‹ገባሽ?› አትበሉ፤ ‹እስቲ ምን አልኩሽ?› በሉ» አልሽ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ አረጋ ለመልመጃው ጀርባውን ሰጥቶ ነጅሚያ በቃል ብቻ የምትነግረውን ሥዕል ሲሥል፣ ቤት የተባለውን በቅሎ አድርጎት ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ እኔ አልስቅ አልኩ። በሻይ ሰዓት ለብቻሽ አግኝቼሽ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ። «አብሽሩ እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ወላሂ ረስቼዋለሁ።» ያኔ ነው የገባኝ። የተሳቀብሽ በሰው ፊት ነው፤ ጥግ ይዤ ይቅርታ ብጠይቅሽ ለራሴ እንጂ ለአንቺ አይሆንም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፈረቃው ሳይበተን፣ በሠራተኞች መመገቢያ ተነሳሁ። አቶ ሀብተ ሥላሴም ነበሩ። ከኃላፊነቴ ቢያነሱኝስ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ለስንት ሰው ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ «ይኼን ለመናገር ስምንት ዓመት ብዙ ነው፤ መናገርዎ ግን ደግ ነው» አሉኝ። ከዚያ ያ አረጋ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ‹የሸጌ ስንቅ› እንበለዋ!» አይል መሰለሽ?

«በሉት!» አልኩ። «በሉት፤ የእኔ ነው።»

ጀውሀራዬ፣ ይኸው ከሰኞ ወዲህ ስንቁ ባለቤቱን አገኘ። ትናንት ስኳር ሲያልቅ «ወይኔ፣ የሸጌ ስንቅ!» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ብታምኚም ባታምኚም ኮራሁ። ከሰዓት ደግሞ ነጅሚያን «ሻይ ውሰጂላቸው» ብላት «እትዬ፣ ለስንት ሰው?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያቺ የድሮዋ አነጋገር ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ መለስኳትና «ለሁለት ሰው» አልኳት። «ለሁለት ሰው» ብላ ደግማልኝ ሄደች። እሰይ! ይኼን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ያውም ማንንም ሳታዋርጂ።

እዚህ ያሉት ሁሉ «አሠልጣኝ ናቸው፣ አንቱ ብለሽ ጻፊላቸው» አሉኝ። አንቱ ብልማ ደብዳቤው ለስንት ሰው እንደሆነ ግራ ይገባሻል። የጻፍኩት ለአንድ ሰው ነው። ስትመጪም ስንቅሽን የምቋጥረው እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልናገርም ስትል የኖረችው ሴትዮ ትናገር፦

ኮርቼብሻለሁ።

ኮርቼብሻለሁ።

ሸጌ፣ ባለ ስንቋ